ጫካው ባለቤት አለው፦ ስለ ቅኝ ግዛት ዘመን ሳንቲም ፍለጋ ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የምንኖር ሐበሾች አንድ ጽሑፍ እየተቀባበልን ነው። ለእኔም ከተለያየ ሰው ደርሶኛል። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ አሜሪካ ጫካ ውስጥ የቅኝ ግዛት ዘመን ሳንቲም በየቦታው ተቀብሯል፤ ዲቴክተር (የተቀበረ ብረት መፈለጊያ ማሽን) ግዙና ቅዳሜ ቅዳሜ ውጡ፤ ጫካው የማንም ስላልሆነ ማንም አይጠይቃችሁም፤ ያገኛችሁትን በሎሚ አጥባችሁ ሽጡ፤ ለማንም አትናገሩ።

ጸሐፊው ለወገን አስበው እንደጻፉት አልጠራጠርም። ግን ይህን ነገር እኔም ከልቤ ነው የምወደው። ቨርጂኒያ ውስጥ ባለቤቶቹ በፈቀዱልኝ እርሻዎችና ከጀርባቸው ባሉት ጫካዎች ዲቴክተር ይዤ መዞር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ለዚህ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ጫካው የመንግሥት ነው፤ የመንግሥት ከሆነ ደግሞ የሁላችንም ነው»

ከሁሉም አደገኛው ይሄ ስለሆነ ከዚህ ልጀምር። ሮክ ክሪክ፣ ግሬት ፎልስ፣ ፕሪንስ ዊልያም ፎረስት፣ የማናሳስ የጦር ሜዳ፣ እሁድ እሁድ ልጆቻችንን ይዘን የምንሄድባቸው እነዚህ ቦታዎች በፌዴራሉ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ናቸው። እዚያ ለመቀጣት መቆፈር አያስፈልግም፤ ዲቴክተሩን ገጣጥሞ ይዞ መገኘቱ ራሱ ክልክል ነው። በፓርኩ ውስጥ በመኪና የምታልፉ ከሆነ እንኳ ፈታታችሁ፣ ለመጠቀም በማይመች መልኩ ጠቅልላችሁ ነው ማስቀመጥ ያለባችሁ።

በዚህ ላይ በ1979 የወጣው የአርኪዮሎጂ ሀብቶች ጥበቃ ሕግ አለ። በፌዴራል መሬት ላይ ቢያንስ 100 ዓመት ያስቆጠረ ቅርስ ያለ ፈቃድ ቆፍሮ ያወጣ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያጠፋ እስከ 10,000 ዶላር ሊቀጣ፣ እስከ 1 ዓመት ሊታሰር ይችላል። የቅርሱ ዋጋና የተጎዳውን ቦታ ማስተካከያ ወጪ ተደምሮ ከ500 ዶላር ካለፈ ደግሞ ጣሪያው 20,000 ዶላርና 2 ዓመት ይሆናል። ለቁፋሮው የዋለው መኪናና ዕቃም ሊወረስ ይችላል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የማስተካከያው ወጪ ይደመራል። ሳንቲሙ አምስት ዶላር ባያወጣ እንኳ ባለሙያ መጥቶ ጉድጓዱን መርምሮና መዝግቦ እስኪደፍን 500 ዶላር ምንም አይደለም።

ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2016 ፒተርስበርግ፣ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ የአሜሪካው የእርስ በርስ ጦርነት ሜዳ ውስጥ በርካታ ጉድጓዶች ተቆፍረው ተገኙና ፓርኩ ቦታውን እንደ ወንጀል ስፍራ ነው የያዘው። ጸሐፊው «ቢበዛ ሬንጀር መጥቶ ተመለሱ ይላችኋል» ያሉት ከምን ተነስተው እንደሆነ አላውቅም። ገና ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት በሂደት ላይ ያለ ሰው በመካከላችን ስንት ነው? እንዲህ ያለ ሰው የወንጀል መዝገብ ቢከፈትበት ምን መዘዝ እንደሚያመጣበት ሁላችንም እናውቃለን። ለአንዲት የዛገች ሳንቲም!

የግል መሬት ከሆነም ባለቤት አለው። አጥር የለውም ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ፈቃድ የሰው መሬት መርገጥ በወንጀል ሊያስከስስ ይችላል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ቀን በብርሃን ሄዳችሁ በር አንኳኩ፣ ማን እንደሆናችሁና ምን እንደምትፈልጉ ተናገሩ፣ ያገኛችሁትን ሁሉ እንደምታሳዩዋቸውና ጉድጓዱን እንደምትደፍኑ ንገሯቸው፣ እሺ ካሉ አጭር ወረቀት አስፈርሙ። ማን ምን እንደሚወስድ ያኔውኑ ተነጋገሩ። ብዙ ጊዜ እምቢ ይላሉ፤ መብታቸው ነው። እሺ ያሉት ደግሞ፣ በተለይ ሽማግሌዎቹ፣ አያታቸው ስለነገሯቸው የተቃጠለ ቤት ወይም የድሮ መንገድ ያወሯችኋል፤ ያ ወሬ ከማንኛውም ማሽን ይበልጣል።

«የሰው እግር ያልረገጠው ጫካ ውስጥ ግቡ»

የሰው እግር ካልረገጠው ሳንቲሙን ማን ይጥለዋል? ዛሬ ጫካ የሆነው አብዛኛው መሬት ያኔ ጫካ አልነበረም። ማሳቹሴትስና ኮኔቲከት ብትሄዱ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ መሃል የድንጋይ ካብ ታያላችሁ። ጫካ ውስጥ ካብ የሚክብ ሰው የለም፤ የእርሻ ድንበር ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገበሬው ግማሹ ወደ ምዕራብ፣ ግማሹ ወደ ፋብሪካ ሲሄድ ማሳው ጦም አደረና ዛፍ ዋጠው። ቨርጂኒያ ላይ ደግሞ ትምባሆ አፈሩን ሲጨርሰው ማሳው ተትቶ ጥድ በቀለበት።

ስለዚህ የሚፈለገው የሰው ዱካ ነው። ቤት የነበረበት ቦታ ላይ የምድር ቤቱ ጉድጓድ ይቀራል፤ ጫፉ ላይ የተደረደረ ድንጋይ ያለው፣ ቅጠል የሞላው አራት ማዕዘን ጎድጓዳ። አጠገቡ የፈረሰ የጭስ ማውጫ ጡብ፣ አልፎ አልፎም በፀደይ ብቻዋን የምታብብ ዳፎዲል የምትባል የጓሮ አበባ ታገኛላችሁ። ከአየር በጨረር የተነሳው የመሬት ካርታ፣ ሊዳር የሚሉት፣ ለብዙ አካባቢ በነጻ ይገኛል፤ ዛፉን አንስቶ የድሮውን መንገድና ካብ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ አንድ ምሽት እሱን ማየት ዝም ብሎ ጫካ ውስጥ ከመዞር ይሻላል።

አንድ ከባድ ነገር ግን አለ፤ ጸሐፊው ጨርሶ አላነሱትም። ቨርጂኒያ ጫካ ውስጥ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ የሆነ፣ መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ ሰማያዊ አበባ ያለው ቅጠል መሬቱን ሸፍኖት ካያችሁ፣ ቪንካ ይሉታል፣ ቁሙ። በቅጠሉ መሃል ጽሑፍ የሌለባቸው ሻካራ ድንጋዮች ጫፋቸውን አውጥተው ከቆሙ፣ መሬቱም በሰው ቁመት ልክ እዚህም እዚያም ሰርጎድ ካለ፣ የቆማችሁት መቃብር ላይ ሊሆን ይችላል። በባርነት የነበሩ ብዙ ሰዎች ስማቸው ሳይጻፍ የተቀበሩት እንዲህ ነው። እዚያ ማሽን አይበራም። ለመሬቱ ባለቤት ትናገራላችሁ፣ ትሄዳላችሁ።

«ከፍተኛ ቁጥር ካልሰጠ አትቆፍሩ፤ ማሽኑ እስከ አንድ ሜትር ያያል»

አንድ ሜትር የሚባለው ውሸት ነው። የማሽኑ ስም ሚኒላብ ይሁን ጋሬት ወይም ኖክታ፣ ለአንዲት ሳንቲም ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ካየ ጎበዝ ነው። ታርሶ በማያውቅ መሬት ላይ ደግሞ ከዚያም ቅርብ ናት።

ቁጥሩን በተመለከተ ነገሩ የበለጠ ያሳዝናል። ከታች ያለው ክብ ሳህን ወደ መሬት መግነጢሳዊ መስክ ይልካል፣ ያገኘው ነገር ሲመልስ ማሽኑ ድምፅና ቁጥር ይሰጣል። ትልቅ መዳብና ወፍራም ብር ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ይሄ እውነት ነው። ግን ቀጭኗ የስፔን ግማሽ ሪያል፣ በመሮ የተቆረጠች የብር ቁራጭ፣ የእርሳስ አረር፣ የኮት ቁልፍ፣ የወርቅ ቀለበት ሳይቀር ከቢራ ጣሳ መክፈቻ ጋር አንድ ሰፈር ናቸው። ቆሻሻውን ፈርታችሁ ካለፋችሁ እነሱንም አለፋችኋቸው። «ምስማሩን አጥፉት»፣ ማለትም ማሽኑ ለምስማር እንዳይጮኽ አድርጉት፣ የሚለው ምክር ደግሞ የባሰ ነው። በእጅ የተቀጠቀጠ፣ አራት ማዕዘን የሆነ ምስማር የተከማቸበት ቦታ ቤት ነበር ማለት ነው። ምስማሩን ስታጠፉት ቤቱን ነው ያጠፋችሁት።

«1652 የሚል ካገኛችሁ ሚሊየነር ናችሁ»

እዚህ ሁለት ነገር ተምታቷል። መጀመሪያ ዓመቱ። ቦስተን ላይ ጆን ኸልና ሮበርት ሳንደርሰን የሠሯቸው ዛፍ ያለባቸው የማሳቹሴትስ የብር ሺሊንጎች፣ የጥድ ዛፍ ያለባቸውን ጨምሮ፣ ሁሉም 1652 ነው የሚሉት። ሥራው ግን እስከ 1682 ድረስ ቀጥሏል። ለእኛ ይሄ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ አያቶቻችን የተገበያዩበት ማርትሬዛ ብር ሁሉ 1780 ነው የሚለው፣ ንግሥቲቱ ከሞተች ከመቶ ዓመት በኋላ የተመታው ሳይቀር። ሳንቲም ላይ የተጻፈ ዓመት ሁልጊዜ የልደት ቀን አይደለም።

ሁለተኛው ዋጋው ነው። ጸሐፊው በ2024 ከ2.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተሸጠችውን የኒው ኢንግላንድ ሦስት ፔንስ ጠቅሰዋል። ሽያጩ እውነት ነው። ግን ሳንቲሟ የወጣችው ከጫካ አይደለም፤ ኔዘርላንድስ ውስጥ ከአሮጌ የዕቃ መደርደሪያ ነው። በ2021 ለንደን ላይ ከ350,000 ዶላር በላይ ያወጣችው ሺሊንግም የተገኘችው የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ሁለቱም ደረቅ ቤት ውስጥ ስለኖሩ ነው ያማሩት። ከአፈር የሚወጣው በብዛት የንጉሥ ጆርጅ ግማሽ ፔኒ ነው፤ መዳብ፣ በአሲዳማ አፈር የተበላ፣ ፊቱ በጭንቅ የሚታይ። ከእነሱም ብዙዎቹ ያኔውኑ አስመስለው የተሠሩ ናቸው። እኛ ጋ ለቨርጂኒያ ተብሎ ለንደን የተመታው የ1773 ግማሽ ፔኒ ይገኛል፣ እንዲሁም የስፔን ሪያል፤ የስፔን ብር አሜሪካ ውስጥ እስከ 1857 ድረስ ሕጋዊ ገንዘብ ነበር። አብዛኛው ግን የማሽኑን ዋጋ አይመልስም። ገንዘብ ፈልጎ የሚወጣ ሰው ቅዳሜውን ኡበር ቢነዳ ይሻለዋል፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

«በሎሚና በጨው አሽታችሁ እጠቡ»

እባካችሁ አታድርጉት። ቤታችን የነሐስ ዕቃ በሎሚ ሲብረቀረቅ ስላየን ነው የሚመስለን። መሬት ውስጥ 250 ዓመት የኖረ መዳብ ግን ላዩ ወደ ሌላ ነገር ተቀይሯል፤ ፊደሉና የንጉሡ መልክ ያለው እዚያ አረንጓዴና ቡናማ ሽፋን ላይ ነው እንጂ ከሥሩ ባለው መዳብ ላይ አይደለም። አንድ ወዳጄ የ1787 የኮኔቲከት መዳብ አግኝቶ በሎሚ አሸው። ስትወጣ በአንድ በኩል የጭንቅላቱ ቅርጽ፣ ዙሪያውንም ፊደላት ይታዩባት ነበር። ሎሚው ሲነካት መጀመሪያ አረፋ አወጣች፣ ከዚያ አረንጓዴው ከነፊደሉ እየተላጠ ጨርቁ ላይ ቀረ። የተረፈችው ሮዝ ቀለም ያላት ልሙጥ ዝርግ ናት። ማን እንደመታት፣ መቼ እንደመታት አይታወቅም።

መዳብ ከሆነ የተጣራ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ውሃውን እየቀያየራችሁ ቀናት ጠብቁ፣ የለሰለሰውን አፈር በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ቀስ ብላችሁ አንሱ። ብር ከሆነ ውሃ ማፍሰስ ይበቃል። ከተጠራጠራችሁ ተዉት፣ አፈሩ አይቸኩልም። ሰብሳቢዎችም የታሸ ሳንቲም ሲያዩ ወዲያው ያውቁታል፣ ዋጋውም ይወድቃል።

ከማጠብ ጋር የሚገናኝ አንድ ነገር ልጨምር። ጸሐፊው የመድፍ ጥይት ብታገኙ «ዝገቱን አራግፋችሁ ሳሎን አስቀምጡት» ብለዋል። በ2008 ቼስተር፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ልምድ ያለው ሰው የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የመድፍ ጥይት ሲያጸዳ ፈንድቶ ሞቷል። ጦርነቱ ካለቀ ከ140 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ አትንኩት፤ ራቁና 911 ደውሉ።

«ቁልፍ፣ ዘለበት፣ አረር፣ ቁርጥራጭ ብረት ቆሻሻ ነው፤ ወርውሩት»

ከጽሑፉ ሁሉ ያመመኝ ይሄ ነው፤ ጸሐፊው ነገሩን የሚያዩበትን መንገድ ያሳያልና።

በ2014 ሮድ አይላንድ፣ ሚድልታውን ውስጥ፣ አንድ ዲቴክተር የያዘ ሰው በፍራፍሬ እርሻ ላይ ጠቆር ያለች ትንሽ የብር ሳንቲም አወጣ። ላይዋ ላይ የዓረብኛ ጽሑፍ ነው ያለው። ሲያጠናት በ1693 የመን ውስጥ የተመታች ሆነች። የመን ማለት ለእኛ ጎረቤት ናት፤ ሞካ ከአሰብ ፊት ለፊት ናት፣ ባሕሩን ተሻግሮ። ታዲያ የቀይ ባሕር ሳንቲም በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእንግሊዞች ቅኝ ግዛት ውስጥ ምን ትሠራለች? መልሱ ወደ ሄንሪ ኤቭሪ ወሰደው። ኤቭሪ እንግሊዛዊ የባሕር ወንበዴ ነው፤ በ1695 ባብ ኤል መንደብ ላይ አድፍጦ ከመካ የሚመለሱ ተሳላሚዎችን የጫኑትን የሙጋል (የሕንድ ነገሥታት) መርከቦች ጠበቀ፣ ተከተላቸው፣ ጋንጅ ኢ ሳዋይ የተባለውን ትልቁን መርከብ ዘረፈ፣ በሰዎቹም ላይ ብዙ ግፍ ተፈጸመ። ከዚያ እሱም ተሰወረ፣ ገንዘቡም ተበተነ። በኋላ እንዲህ ያሉ ሳንቲሞች በማሳቹሴትስና በኮኔቲከትም ተገኙ፤ የወንበዴው ሰዎች አሜሪካ ገብተው ገንዘቡን እንዳጠፉት የሚያመለክት ማስረጃ ሆኑ።

አሁን አስቡት። ያቺ ሳንቲም የመን ገበያ ላይ ብትገኝ ከብዙ አሮጌ ሳንቲሞች አንዷ ናት። ታሪክ የሆነችው ሮድ አይላንድ፣ ያ እርሻ ላይ ስለተገኘች ነው። ያገኛት ሰው የጽሑፉን ምክር ሰምቶ ብልቃጥ ውስጥ ከሌሎች ጋር ቀላቅሎ ቢያስቀምጣትና የት እንዳገኛት ቢረሳ ኖሮ ያ ሁሉ አይኖርም ነበር።

አረሩም እንደዚያው ነው። ድፍን፣ ክብ ሆኖ የሚገኝ አረር ያልተተኮሰ ነው፤ ወታደሩ ሲያጎርስ ከእጁ ያመለጠው። የተጠፈጠፈው ተተኩሶ አንድ ነገር መትቷል። የድፍኖቹንና የጠፍጣፎቹን ቦታ ካርታ ላይ ስታስቀምጡ ማን የት ቆሞ ወደ የት እንደተኮሰ ይወጣል። ሞንታና ውስጥ፣ በ1876 የአሜሪካ ጦርና ነባር ሕዝቦች የተዋጉበትን የሊትል ቢግሆርን ሜዳ እሳት ከጠረገው በኋላ፣ በ1984 አርኪዮሎጂስቶች ዲቴክተር ከያዙ ፈቃደኞች ጋር ሆነው እያንዳንዱን ቀለህ ከነቦታው መዘገቡ። ቀለሁ ላይ ያለው የመርፌ ምት ከጠመንጃ ጠመንጃ ስለሚለይ፣ አንድ ጠመንጃ ሜዳው ላይ ከየት ወደ የት እንደሄደ ለመከተል ቻሉ። የውጊያው ታሪክ እንደገና የተጻፈው ጸሐፊው «ቆሻሻ» ባሉት ነገር ነው።

«አርኪዮሎጂስቶች ጠላቶቻችሁ ናቸው፤ ያገኛችሁትን ለማንም አትናገሩ»

አንዳንዶቹ ዲቴክተር የያዘ ሰው ሲያዩ ፊታቸው ይቋጠራል፤ አልክድም። ምክንያት አላቸው፤ የተቆፋፈረ ቦታ ስንቴ አይተዋል። ግን እዚሁ ቨርጂኒያ፣ የፕሬዝዳንት ጄምስ ማዲሰን መኖሪያ በነበረው ሞንትፒሊየር፣ አርኪዮሎጂስቶቹ ራሳቸው ዲቴክተር ያላቸውን ሰዎች ጠርተው አብረው ሠርተዋል። መሬቱን በገመድ ከፋፍለው ምልክት ያለበትን ሁሉ መዝግበው፣ በምስማር ክምችት ብቻ በባርነት የነበሩ ሰዎች ይኖሩባቸው የነበሩ ቤቶችን ቦታ አግኝተዋል። የእነዚያ ቤቶች ግንብ የለም፣ ፎቶ የለም። ምስማር ነው የቀረው።

እኔ የማደርገው ቀላል ነው። ሣሩን በሦስት ጎን ቆርጬ እንደ ክዳን እገልጠዋለሁ፣ አፈሩን ጨርቅ ላይ አወጣለሁ፣ ያገኘሁትን ከጉድጓዱ ጎን አድርጌ በስልኬ ከነቦታው ፎቶ አነሳለሁ፣ ጥልቀቱን እጽፋለሁ፣ በትንሽ ከረጢት ቁጥር ሰጥቼ እለየዋለሁ። ከዚያ አፈሩን መልሼ ክዳኑን እረግጣለሁ። ነገሮች ተጠጋግተው ከበዙ፣ ቁልፍ፣ የሸክላ ትምባሆ ማጨሻ ፒፓ ስብርባሪ፣ ምስማር፣ ሳህን፣ እዚያ ቁፋሮ አቆማለሁ። ለባለቤቱ ነግሬ፣ ከፈቀዱ፣ ሪችመንድ ላለው የቨርጂኒያ ታሪካዊ ሀብቶች መምሪያ እንዲታወቅ እናደርጋለን። እስካሁን ማንም ከእጄ የነጠቀኝ ነገር የለም።

ስለ መዥገር ጽሑፉ አንድ ቃል የለውም። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ቤት ስትገቡ የልጆቻችሁን ብብትና ከጆሮ ጀርባ ፈትሹ፤ መዥገር የሚያስተላልፈው «ላይም» የሚባል በሽታ ቀልድ አይደለም። በአደን ወቅት ብርቱካናማ ልበሱ።

«አገር ቤት ስትሄዱ ይዛችሁት ሂዱ፤ አክሱም አካባቢ ሀብቱ ይበልጣል»

ይሄን ሳነብ ደነገጥኩ። የኢዛና መስቀል ያለበት ሳንቲም ከአክሱም አፈር ወጥቶ በሻንጣ ቨርጂኒያ እንዲገባ ነው የሚመከረው? በቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ክልክል ነው፤ በአጋጣሚ ያገኘም ሰው ማሳወቅ አለበት፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ወንጀል ነው። የተወሰዱብንን ታቦቶችና ብራናዎች መልሱልን እያልን የምንጮኸው እኛው ነን።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። ጽሑፉን አያጥፉት፤ ግን ስለ ፌዴራል መሬት፣ ስለ መድፍ ጥይቱና ስለ አክሱም የጻፉትን ሦስቱን ቦታ ዛሬውኑ ያርሙ። ቅዳሜ እየመጣ ነው፣ ማናሳስም ለሁላችንም ቅርብ ነው። መማር የሚፈልግ ካለ ደግሞ እርሳቸውንም ጨምሮ፣ ፈቃድ ያለኝ እርሻ ላይ አብረን እንውጣ፤ ማሽን ለሌለው አንድ ትርፍ አለኝ።